ለእኔ አዝናችሁ ፊልሜን ላገዳችሁልኝ

ለተከበሩ አቶ ሀምዳን
የምንጭ ዳር ወጣት ማዕከል የፊልም ምርጫና ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኮልፌ ቀራኒዮ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የኮሚቴዎን የማህተም ቀለም ሳይቀር አላህ እንዲጠብቅልን በመመኘት የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፣ እሱም ቢሆን ሰሞኑን የቢሮዎን ደረጃ ስወጣ ስወርድ የመጣ ስለሆነ ከማዕከሉ እንደተሰጠኝ ስጦታ ቆጥሬዋለሁ። ስሜ ሃፊዛ ጀይሉ ይባላል። ከኮልፌ ገበያ ጀርባ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምኖር፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ፣ ኮሚቴዎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ተጎጂዋ ግለሰብ» ብሎ የጠራኝ ሴት ነኝ። ስሜን ብታውቁት ኖሮ እንደምትጽፉት አልጠራጠርም፤ ዛሬ በአደባባይ የምጽፍልዎም ይህን ችግራችሁን ላቃልልላችሁ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ የሰፈር ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ኮልፌ ውስጥ፣ በአንዲት የቪዲዮ ካሜራ፣ «ጎርፍ ያመጣው ሙሽራ» የሚባል ፊልም ተሠራ። በክረምት ሠርግ የደገሰ አንድ ሙሽራ ጎርፍ መንገድ ቆርጦበት ወደ ተሳሳተ የሠርግ ድንኳን ይገባል፤ በዚያ ድንኳን ደግሞ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሙሽራው የቀረባት ልጅ ተቀምጣለች። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። በየቪዲዮ ቤቱ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ያየው ፊልም ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ በሰፈራችን ሙሽራ ካረፈደ ጎርፍ ወሰደው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ፊልሙን የጻፈውም ያዘጋጀውም ወልደ አማኑኤል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ሰውየው አስቸጋሪ ነበር፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ዘንድሮ ማዕከላችሁ የድሮ ፊልሞችን ቅዳሜ ቅዳሜ ማሳየት ሲጀምር፣ የዚህ ፊልም የተረፈው አንድ ካሴት እኔ ሳጥን ውስጥ ብቻ መሆኑ ተሰማ። ተጠየቅኩ፤ ፊርማ ተቀብዬ በደስታ አስረከብኩ። ልጄ ሰልዋ እናቷ ፊልም ሠርታለች ሲባል ሳቅ የሚቀድማት ልጅ ናት፤ እሷንና ግማሽ ሰፈሩን አስከትዬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ በተባለው ቅዳሜ ከተፍ አልኩ። በሩ ላይ የጠበቀን የእርስዎ ፊርማ ነበር። ፊልሙ በአዘጋጁ የሥነ ምግባር ጉድለት ታግዷል፣ ካሴቱም በወሩ መጨረሻ ይወገዳል ይላል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስጋናዬን በተራ በተራ ስደረድር ሰንብቻለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ፊልሙን ከመፍቀዱ በፊት የአዘጋጁ ጠባይ ይጣራ ብሎ ወሰነ። ሟቹ ራሳቸው ቀርበው የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ እንዲያቀርቡ ማድረግ ስላልተመቸ ይመስለኛል፣ ደብዳቤው ለዕድራቸው ተጻፈ። እንግዲህ በእኛ ሰፈር ዕድር ስለ ሞተ ሰው ክፉ እንደማይጽፍ የማያውቅ፣ ሰፈሩን በረገጠ ሳምንት ያልሞላው ሰው ብቻ ነው። የዕድሩ ጸሐፊም በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ከፋይል መዘው ላኩላችሁ። ያ ወረቀት ደግሞ ከእሱ በፊት ከተቀበሩት ከእማማ ወለተጻድቅ የሕይወት ታሪክ ላይ በጥድፊያ የተገለበጠ ነበርና፣ ስሙ ተቀይሮ ሌላው እንዳለ ቀርቷል። በዚህም መሠረት ወልደ አማኑኤል በሰፈሩ ሴት በወለደች ቁጥር ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ገንፎ በማገንፋት የሚታወቁ ርኅሩኅ እናት ነበሩ። እኔ ሰውየውን ምድጃ አጠገብ ያየሁት ሲጋራ ሊለኩስ ጎንበስ ሲል ብቻ ነው። በቀብሩ ላይ ማንም ልብ አላለውም፣ ሰው ሐዘን ላይ ነበር፤ ኮሚቴዎ ግን ሐዘን ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንብቦ፣ «ምስጉን ሥነ ምግባር» ብሎ ማህተም አድርጎበታል። ለገንፎው በሕይወት ያልተመሰገነ ሰው ቢያንስ ከሞተ በኋላ በእናንተ እጅ ተመሰገነ።

፪. ቀጥሎ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ከአንድ የኮሚቴው አባል ስልክ ላይ የፊልሙ ካሜራ ባለሙያ የሰጠው ቃለ መጠይቅ ተገኘ፤ ወልደ አማኑኤል ጠጪ ነበር፣ ተሳዳቢ ነበር፣ ተዋናይቱንም በጥፊ መቷት ነበር የሚል። እውነቱን ነው፣ አንድም አልጨመረበትም። ኮሚቴውም በአንድ ስብሰባ ገንፎ አገንፋዩን እናት ወደ ሰይጣንነት አሻግሮ፣ በሰሌዳው ላይ «በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ይላል» ብሎ ለጠፈ። ተረቱን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ክቡር ሰብሳቢ፣ እስቲ ቆዳውን ጅቡ ሰጠ እንበል፤ እንጨቱን ማን ጠረበው፣ ጅማቱን ማን ወጠረው? ለዚያ ጎርፍ አርባ የሰፈር ሰው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ድንኳኑን ከዕድር የለመነው፣ ዝናብ ሲያቆም በባልዲ ከጣራ ላይ ውሃ ያወረደው፣ የሙሽራውን መኪና እየተሳሳቀ የገፋው ሁሉ ጅብ ነው ከተባለ፣ ኮልፌ ውስጥ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ርኅራኄያችሁ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ድምፄ ቢቀየር ይቅር ይበሉኝ። ማስታወቂያችሁ ጥፊውን ከጠቀሰ በኋላ፣ ፊልሙ የታገደው «የተጎጂዋን ስሜት ለመጠበቅ» እንደሆነ ይናገራል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ተጎጂዋ የምኖረው ከማዕከላችሁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው፤ የሁለት የኮሚቴ አባላትን ልጆች ዩኒፎርም ዘንድሮ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ስሜቴን ልትጠብቁ ስትነሱ ስሜቴ እንዴት እንደሆነ አንድ ሰው ብቅ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ብትጠይቁኝ ይህን እነግራችሁ ነበር። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሙሽራዋ ሙሽራው እንደቀረ ሰምታ የምታለቅስበት ቦታ ላይ እንባ እምቢ አለኝ፤ ጭራሽ ሳቄ መጣ። ወልደ አማኑኤል ከካሜራው ኋላ ወጥቶ መጣና በጥፊ አጮለኝ። ካሜራው አልቆመም። ያ አገር ሁሉ ያደነቀው ለቅሶ፣ በየቪዲዮ ቤቱ ሴት ወንዱን ያስለቀሰው ለቅሶ፣ ትወና አይደለም። ጥፊ ነው። አርባ ሰው ቆሞ ነበር፣ አንድም ሰው አልተነፈሰም፤ እሱ ራሱ በጣም ጥሩ ብሎ ሰዉን ለምሳ አሰናበተ። ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ የካሴቱ ሽፋን ላይ በእኔ ፎቶ ሥር የዮዲ ስም ተጽፎ አየሁት። ዮዲ እጮኛው ነበረች፤ ቀረጻው ላይ አንድ ቀን ብቻ መጥታለች፣ እሱም ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያው ሰው ነው የትኛውን እግሬን ቀድሜ ማንሳት እንዳለብኝ፣ ዝም ማለት እንዴት እንደሚሰማ ያስተማረኝ። ለአንዲት የዝናብ ትዕይንት አራት ቀን ሙሉ እንደ ገበሬ ሰማይ ሰማይ እያየ ሲጠብቅ አብሬው ጠብቄያለሁ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። ያችን የመታችኝን እጁን እስከ ዛሬ አልማርኳትም፣ ለመማርም አላሰብኩም። ፊልሙን ግን እወደዋለሁ። ሁለቱ በአንድ ሆድ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ እየተጋፉም ቢሆን ኖረዋል። እናንተ ፊልሙን ከሰውየው መለየት ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚል ሦስት ስብሰባ እንደተቀመጣችሁ ሰምቻለሁ። ስለ እሱ እንጃ፤ እኔን ግን ከፊልሙ አሳምራችሁ ለይታችሁኛል።

የሚያናድደኝን ልንገርዎ፤ መናደዴን ደግሞ በአክብሮት ነው የምነግርዎ። ይህን ጥፊ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ቅዳሜ ፊልሙን አብረን አይተን፣ እሷ እናቷን በሃያ አንድ ዓመቷ አይታ ከተገረመች በኋላ፣ ቤት ገብተን በራሴ አፍ ልነግራት ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ ከእናንተ ሰሌዳ አነበበችው፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ። ዞር ብላ አየችኝ። ወላሂ ከጥፊው ይልቅ ያቺ አስተያየቷ ናት ያመመችኝ።

፬. ስለ ማስረጃ አያያዛችሁ ደግሞ ማመስገን አለብኝ። በቀጣዩ ሰኞ ቢሮዎ ድረስ ሄጄ ተጎጂዋም ተዋናይቱም እኔ ነኝ፣ እገዳውም ይነሳልኝ ስል፣ የተቀመጠው ልጅ በትሕትና ተቀብሎኝ ፊልሙን ከፈተ፤ ሙሽራዋ ላይ አቁሞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ፤ እንደማንመሳሰል አረጋግጦ ሦስት እማኝ አምጪ አለኝ። አልቀየምኩትም፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ጎርፉ ውስጥ የቆሙ ሦስት ሰዎች ይዤ ስመለስ፣ እነሱም በፊልሙ ውስጥ መኖራቸውን የሚያስረዳ ሌላ እማኝ ያስፈልጋቸዋል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ከዚያው ቢሮ በራሳችሁ ስልክ ተደወለልኝ፤ ካሴቱን ለማስወገድ የአበዳሪዋ የሃፊዛ ጀይሉ ፊርማ ስለሚያስፈልግ በአስቸኳይ ትምጣ ተብሎ። የፕላስቲኩ ባለቤት መሆኔ እንግዲህ ተረጋግጧል፤ የፊቱ ባለቤት መሆኔ ግን አሁንም በመጣራት ላይ ነው።

አምስተኛና ስድስተኛም ነበረኝ፤ ነገር በዛ ብዬ ተውኩት።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ እኔም ሄድኩ እንጂ አልፈረምኩም። የርክክብ ወረቀቴን አሳይቼ ካሴቴን መልሱልኝ አልኩ። ንብረት ክፍሉ አቶ ኢብራር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ሰጠኝ፤ እባክዎ እንዳይቆጡት፣ በግቢው ውስጥ ያገኘሁት ወረቀት የሚያነብ ሰው እሱ ብቻ ነው። ካሴቱ አሁን እቤቴ ነው። ቆሼ ቆሻሻ መጣያ ድረስ ሊደክም የነበረ መኪናችሁ ለሌላ ሥራ ይዋልላችሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ ይታያል፤ ማሽኖቹን ወደ ጥግ ገፍተን ወንበር እንደረድራለን። ሰልዋ ከዮዲ ስም በላይ የእኔን ስም ጽፋ ለጥፋበታለች፤ የዮዲን ግን አልፋቀችውም፣ እሱም የፊልሙ ታሪክ ነው አለችኝ። ከመጀመሩ በፊት እኔ ተነስቼ ስለ ወልደ አማኑኤል እናገራለሁ፤ ዝናቡን የጠበቀባቸውን አራት ቀኖችም ጥፊውንም፣ አንዱን ለአንዱ ብዬ ሳልደብቅ። ከዚያ በኋላ ማየት የሚፈልግ ያያል፣ ሆዱ እምቢ ያለው ወጥቶ ይሄዳል፤ የሄደውንም አልቀየምም። ኮሚቴ ግን አላቋቋምኩም። ልጄ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ከአጠገቧ፤ ለቅሶው ጋ ሲደርስ እጇን ልይዛት ነው ያሰብኩት፣ ወይም እሷ የእኔን ትይዝ ይሆናል።

ስለ ደከማችሁልኝ፣ ስለ ተሰበሰባችሁልኝ፣ ስለ አዘናችሁልኝም ጭምር ምስጋናዬ ከልብ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ኮሚቴዎ በሕይወት ያሉትን ሰዎች መጠየቅ የሚጀምርበትን ዘመን አላህ ያሳየን እላለሁ።

ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
ሃፊዛ ጀይሉ
የአንድ ጥቁር ካሴት ሕጋዊ ባለንብረት፣ ስሜቷ የተጠበቀላት ተጎጂ፣ እንዲሁም ማንነቷ በመጣራት ላይ ያለ ሙሽራ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አቶ ኢብራር ካሴቱን ሲመልስልኝ የኮሚቴው የግምገማ ቅጽ ማቀፊያው ውስጥ ተረስቶ አገኘሁት። ፊልሙን ሁለት ጊዜ በጥሞና እንዳያችሁት ተጽፏል። ስለ ድምፅ ጥራቱ በሚለው ሥር በእርስዎ እጅ ጽሑፍ፣ ሙሽራዋ ልታለቅስ ስትል በኃይል የሚዘጋው በር ድምፅ በዛ፣ ቢቀነስ ይሻላል የሚል አስተያየት ሰፍሯል። ክቡር ሰብሳቢ፣ ትዕይንቱ የተቀረጸው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ድንኳን የሚዘጋ በር የለውም። ቅዳሜ ከፊት ወንበር ይዘንልዎታል፤ ከዚያ ሆነው በደንብ ይሰሙታል።