ለሰሊጥ ነው የምወርደው

ለልጄ ለመምህርት ባንቺአየሁ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ አምላክ ይመስገን ጤና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከአቀበቱ ጋር ተጣልቷል። ይህን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው፤ ደብተራ አልለመንሁም።

ለእኛ ትምህርት ቤት አዲስ ዳይሬክተር መጣ። የፊተኛው መምህራኑን በተማሪ ፊት ያዋርዳቸው ነበር። እነሱም ንዴታቸውን ይዘው ገብተው በልጆቹ ላይ ይወጡታል፤ በአጥሩ ሳልፍ የምሰማው አለንጋና ለቅሶ ነበር። ይኸኛው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ሲወጣም መምህሩን «ሸጋ አስተማርህ፤ ምን ላግዝህ?» ይለዋል። አሁን በአጥሩ ሳልፍ የምሰማው ንባብ ነው። እኔም ቆሜ አብሬ አነባለሁ፤ ለሰው አትንገሪ።

ነጋዴው ያሕያ ከእናንተ ከተማ መጥቶ ነበር። «የልጄ አለቃ እንዴት ያለ ሰው ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አያ ነጋ፣ ድምፁ እስከ ገበያ ይሰማል» ብሎ ወሬ ለወጠ።

ድሮ ስትጽፊ ማንበብ የቻለውን ልጅ ሁሉ በስሙ ታነሺልኝ ነበር። ያሁኑ ደብዳቤሽ አራት መስመር ነው፤ ሦስቱ «ደህና ነኝ» ይላል።

በቅሎዋ ሥራ ፈትታ ወፍራለች። ስለዚህ በሚካኤል ማግስት ሰሊጥ ልገዛ ወደ እናንተ ቆላ እወርዳለሁ። እሱ ሰሊጥ መቼ ገዝቶ ያውቃል ብለሽ እንዳትስቂ። እግረ መንገዴንም ክፍልሽ ገብቼ ከኋላ ወንበር እቀመጥ ይሆናል። ስወርድ በበቅሎዋ ነኝ፤ ስንመለስ ግን በቅሎዋን ለአንቺ ትቼ አቀበቱን በእግሬ መውጣት አያቅተኝም።

የእናትሽ ጸሎት አይለይሽ።

አባትሽ ነጋ አለነ