ከክዳኑ ሥር የተረሳው ወረቀት

ውድ ሽቦዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ እንደ አንቺ ሥራ ይዞ ሩቅ የሄደ ይመስል ስጠራው ቶሎ አይመልስም። በቅጥነትሽ «ሽቦ» ያልንሽ ልጅ፣ ሽቦ ከሽቦ እያገናኘሽ እንጀራሽን ልትበዪ መሆኑን ማን አወቀ!

ላክልኝ ያልሽው የመነጽሬ ማዘዣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ሁለት ሳምንት የዘገየው ሰንፌ አይደለም። ጉዱን ልንገርሽ።

ያቺን የምታትም፣ የምትቀዳ፣ ስካንም የምታደርግ ማሽን «ጠረጴዛው ሰፊ ነው» ብለሽ በወንድሜ፣ በትንሹ አያትሽ ክፍል ስታስቀምጪ፣ «አያቴ፣ ሁላችሁም በዋይፋይ ትጋሯታላችሁ፤ ካለህበት ሆነህ ታዛታለህ» አልሽኝ። በዚህ ቤት የሚታዘዘኝ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ስካን ለማድረግ ግን ወረቀቱ እዚያው የማሽኗ መስታወት ላይ መተኛት እንዳለበት አልሰማሁሽም። ወይም ሰምቼ የገባኝ መሰለኝ።

ክፍሉ ከክፍሌ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ያን ሰሞን ግን ወደዚያ አልሄድም ነበር፤ ወንድሜ አኩርፎኛል። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ እኛ ጋ መኖሩን ታውቂያለሽ። አንድ እሑድ ጎረቤቶች ምሳ ላይ ተሰብስበው ሳለ ምላሴን በላኝና፣ «እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል፤ የኛው እንግዳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ዝጓል!» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያች ቀን በኋላ ግን «ጋሼ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «እንዴት አደርክ?» ስለው «እግዜር ይመስገን» ብሎ ግድግዳውን እያየ ያልፋል።

እንግዲህ እኔ ማዘዣውን የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ዘርግቼ፣ በመዳፌ ደልድዬ፣ ስካን የሚለውን ተጫንኩ። (አትሳቂ።) ከግድግዳው ወዲያ ማሽኗ አቃሰተች። ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ የመጣው ግን የወንድሜ የእጅ ጽሕፈት ነበር። ለካስ ፎቶ ኮፒ አንሥቶ ዋናውን ከክዳኑ ሥር ረስቶታል።

የአረጋውያን መኖሪያ መግቢያ ማመልከቻ ነው። «ምክንያት» በሚለው ላይ «በሰው ቤት ብዙ ስለቆየሁ» ብሏል። «በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ» በሚለው ላይ የእኔን ስም ጽፎ፣ ከጎኑ «ታላቅ ወንድሜ፤ ያሳደገኝ» ይላል።

የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር ነው፣ ሽቦዬ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ወዲያው ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ሲጨንቀኝ ቀልድ ውስጥ ነው የምደበቀው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ወደ እሱ ክፍል አተምኩት፦ «ማመልከቻዎ ታይቷል። አመልካቹ ያንኮራፋል፣ ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል፣ ሲሸነፍ ያኮርፋል። እንዲህ ያለውን ከዘመዱ በቀር የሚችለው ስለሌለ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል።»

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ወንበር ተንቀሳቀሰ። ወረቀት ተነሣ። አልሳቀም።

ያኔ ፈራሁ። ሌላ ገጽ ጀመርኩ፤ ቀልድ ሲመጣብኝ እየሰረዝኩ፣ አንድ ሰዓት ፈጅቼ ይህችን ብቻ አወጣሁ፦ «ያን እሑድ ያልኩት ነውር ነው። እንግዳ አይደለህም። አትሂድብኝ።»

ከዚያ በግድግዳው በኩል ድምፁ መጣ፦ «ስካኗን ተጫናት እንጂ!»

ተጫንኩ። በትልልቅ ፊደል «ጋሼ፣ በእግርህ ብትመጣ ምን ትሆናለህ?» የሚል ወረቀት መጣ።

አሥራ ሁለቱን እርምጃ በስምንት ጨረስኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ገጾች ጉልበቱ ላይ ዘርግቷቸዋል። ዓይኑ ቀልቷል፤ የእኔን አትጠይቂ።

«ሰው ፊት እኮ ነው ያዋረድከኝ» አለ።

«አዎ» አልኩ። ቀልድ አልጨመርኩበትም።

«ቅጂውን አስገብቼዋለሁ። ሰኞ ና ብለውኛል።»

«አብረን ሄደን እናስመልሰዋለን።»

ሰኞ ሄድን። ጸሐፊዋ ገና ልጅ ናት፤ «አባቶች፣ አመልካቹ ማንኛችሁ ናችሁ?» ብትል፣ ወንድሜ ሆዬ ሳያፍር ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እሳቸው ናቸው። ‹አይደለሁም› ይሉሻል፤ አትስሚያቸው፣ መርሳት ጀምሯቸዋል» አላት። እኔ ስምል ስገዘት፣ እሷ «አይዞዎት አባባ» እያለች ክንዴን ይዛ አልጋዬን ልታሳየኝ ይዛኝ ሄደች! ሁለት ኮሪደር ተጉዤ ነው ያመለጥኩት። ስመለስ እሱ አግዳሚው ላይ ተደፍቶ፣ በሳቅ ብዛት እንባውን ይጠርጋል። «አሁን ተካክለናል፣ ጋሼ» አለኝ። ጸሐፊዋን ይቅርታ ጠይቀን፣ ወረቀቱን ተቀብለን በሩ ላይ ቀደድነው።

ይህን ደብዳቤ መስታወቱ ላይ አስተኝቶ የሚልክልሽ እሱ ነው። ሳያነብ አያልፍም፤ የእኔው ወንድም አይደል? እንግዲህ አንተ፣ አሁን መነጽርህን ከፍ አድርገህ የምታነበው፦ ያሳደግኩህ እኔ ብሆንም፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ብቻዬን እንዳልሆን ያደረግከኝ አንተ ነህ። ይህን ፊትህ ቆሜ ለማለት አፌ ይተሳሰርብኛል። ስለዚህ ለልጅቷ በሚሄደው ላይ ጻፍኩልህ። በል፣ አፍንጫህን ጥረግና ላክላት።

የሚናፍቅሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእግሩ የሚሄድ
አያትሽ