ስለ ሸክላ ማጫወቻው መርፌ እና ስለ ውዴ ፓስፖርት

ካርቱም፣ የካቲት 2013 ዓ.ም.

ለክቡር ኡስታዝ ናዲር
የተወረሱ ንብረቶች ርክክብ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሪያድ ሰፈር፣ ካርቱም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ጄኔሬተርዎ፣ በተለይም ያ የረቀቀ ጆሮዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ምንዳዬ ነኝ፤ ዐማራት ሰፈር ካለው የድምፅ መሣሪያ መጠገኛ ሱቅ እየተላክሁ ዕቃዎን ስተክልልዎ የኖርኩት ሐበሻ። አንድም ቀን በስሜ ጠርተውኝ ስለማያውቁ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ አልቀየምም።

ትውውቃችን የተጀመረው ለውጡ በመጣ በዓመቱ፣ ከወደቀው መንግሥት ሹማምንት በአንዱ ጄኔራል ቪላ ውስጥ ነበር። ኮሚቴዎ ቤቱን ሲረከብ ሳሎኑ ውስጥ ሰው የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች፣ አምፑል በሚመስል ቫልቭ የሚሠራ አምፕሊፋየርና አንድ የሸክላ ማጫወቻ ተገኙ፤ ሳያበላሽ የሚፈታቸው ባለሙያ ተፈልጎም እኔ ተጠራሁ። እርስዎ በሩ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ «ይህ ከአፋችሁ የተነጠቀ ዳቦ ነው፤ ኢንሻአላህ ለካላክላ ወጣቶች ክበብ ይሰጣል» ሲሉ ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ካላክላ እኖራለሁና ክበቡ ያለችው አንዲት የተቀደደች ስፒከር ብቻ እንደሆነች አውቃለሁ። ዕቃውን እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የኮሚቴው ፒክአፕ ላይ ጫንሁ። ፒክአፑ ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ካላክላ መታጠፉን ትቶ፣ ሁለት መንገድ ብቻ ተሻግሮ የእርስዎ በር ላይ ቆመ። «ለጊዜው፣ ለጥበቃ ነው» አሉኝ። እነሆ እስከ ዛሬ እየጠበቁት ነው፤ ስለ ትጋትዎ ሕዝቡ ያመሰግንዎታል።

እርስዎ ሁሉ ነገር በመዝገብ እንዲሰፍር ስለሚወዱ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መጠበቁ አልበቃ ብሎዎት ማሻሻል ጀመሩ። መጀመሪያ ገመዱ ተቀየረ፤ ቀጥሎ ለስፒከሮቹ የእብነ በረድ መቆሚያ ተሠራ። ከዚያ «ድምፁ ጥልቀት የለውም» ብለው አስጠሩኝ። ሳየው አንደኛውን ስፒከር ራስዎ ከቦታው አንቀሳቅሰው ሲመልሱ ቀዩንና ጥቁሩን ገመድ አቀያይረውታል። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ሲስብ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው ብዬ ነገርኩዎ። «ኢንተ ዓሚል ሳኪት» አሉኝ፤ ተራ ሠራተኛ ነህ፣ ምን ታውቃለህ ማለትዎ ነው። ዕቃ የሚያስመጣልዎ የዱባይ ነጋዴ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ነው ብሎዎታልና፣ አዲስ አምፕሊፋየር በኮሚቴው ማኅተም «የጽሕፈት ቤት ዕቃ» ተብሎ ገባ። እኔም አዲሱን ስተክል ገመዱን ዝም ብዬ አስተካከልኩት። ለእንግዶችዎ «ልዩነቱን ሰማችሁ?» ሲሉ ከመደርደሪያው ኋላ ተንበርክኬ ነበር። ግቢዎ ውስጥ ጄኔሬተሩ ናፍጣ እየጠጣ ያጓራል፤ ከአጥርዎ ውጭ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ለዚያው ናፍጣ፣ ማዶ ደግሞ ለዳቦ ተሰልፏል።

ሁለተኛ፣ የመርፌው ነገር ነው። አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ሸክላው እየዞረ ሳለ መርፌውን የያዘውን የማጫወቻውን ክንድ በአውራ ጣትዎ አንሥተው «አያችሁ፣ እንደ ላባ ይቀላል» አሉና ጣሉት፤ መርፌው ተሰበረ። ሦስት እንግዶችና እኔ አይተናል። ስባሪውን ሰጥተውኝ «ጣለው» አሉኝ፤ እኔ ግን በሶፍት ጠቅልዬ ዕቃ መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። አዲስ መርፌ በኮሚቴው ስም ለማስመጣት «ተሰበረ» ብሎ መጻፍ አልተመቸዎትም፤ «ተሰረቀ» ብለው ጻፉ። ስርቆት ደግሞ ሌባ ይፈልጋል፤ ሌባዋም ሩቅ አልነበረችም። አራት ዓመት ልብስዎን ያጠበችውን፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ የምትተኛውን፣ ውዴ የምትባለውን የአገሬን ልጅ «ሐራሚያ» ብለው ለፖሊስ አስረከቧት።

ውዴ ኋላ ስትነግረኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ፖሊሶቹ ኢብራውን አምጪ ሲሉኝ መርፌ መሆኑ ገባኝ። የልብስ መስፊያዬን ከሻርፔ ነቅዬ ሰጠኋቸው። ሰጠች፣ አመነች ብለው ጻፉ።» በመዝገቡ ላይ የእምነት ቃል ተብሎ የሰፈረው ይኸው ነው፤ ባለሁለት ቀዳዳ ቁልፍ የሚተከልበት መርፌ።

ስለ ራሴ ደግሞ እውነቱን ልናገር። ልመሰክር በማግስቱ ጣቢያው በር ድረስ ሄድኩ። ዘበኛው «ኢቃማህን አሳይ» ሲለኝ የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜ እንዳለፈበት ትዝ አለኝና ዞሬ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቴ አልወጣሁም። እርስዎን ስጸየፍ ራሴንም አብሬ እጸየፋለሁ፤ ይህን ያህል እንኳ ተመሳስለናልና ደስ ይበልዎ። በአራተኛው ቀን ኸዲጋ ለምትባል፣ በተቃውሞው ጊዜ ለታሰሩት በነጻ ስትከራከር ለነበረች የካላክላ ጠበቃ ነገርኳት። «ያላ፣ ተነሥ፤ ወረቀትህን እኔ እከራከርበታለሁ» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ስባሪውን መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ያየሁትን ተናገርኩ። መርማሪው ስባሪውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፤ ከውዴ የልብስ መርፌ ጎን አኖረው። በስድስተኛው ቀን ፈቷት። ስትወጣ እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር።

ሦስተኛ፣ በሳምንቱ ለአሠሪዬ ስልክ ደውለው ከሥራ አስባረሩኝ። እዚህ ላይ በእውነት አመሰግንዎታለሁ፤ አሁን ካላክላ ገበያ በረንዳ ላይ የድሆች ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ እጄን ስታጠብም ይጠራል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ የውዴ ፓስፖርት ዛሬም በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያለ እሱ ሥራ መያዝም ሆነ አገር ቤት እናቷ ዘንድ መግባት አትችልም። ኸዲጋ ሁለት ጊዜ ብትመጣም «ቡክራ፣ ነገ ነይ» ብለው መልሰዋታል። እኔ ስለ ስፒከሮቹ አልከራከርም፤ እሱን የካላክላ ወጣቶች ራሳቸው መጥተው ይጠይቁዎታል፤ ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ የእርስዎንም በር ያውቁታል። እኔ የምጠይቀው ያችን ትንሽ ደብተር ብቻ ነው።

ከአምፕሊፋየርዎ በቀር በቤትዎ የሚከበር ነገር ያጣሁ፣ ለጆሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኅሊናዎም አንድ ቀን መንቃትን የምመኝ፣

ተራው ሠራተኛ
ምንዳዬ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በአረብኛ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። በሪያድ ቪላዎች ውስጥ የሚሠሩ እህቶቼ ሁሉ ከእርስዎ በፊት እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። እርስዎ ግን የሚያነብልዎ ሰው በማጣት መቸገርዎ አይቀርም፤ በቤትዎ አማርኛ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷንም ሌባ ብለው አሰሯት።