ሳይጠሩት የማይመጣ ድምፅ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ቀጠሮ» እያለ የሚጠራቸው እናት ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ታናሽ ወንድማቸው እንደሚመሰክሩት በልጅነታቸው ጥላቸውን የሚፈሩ ነበሩ፤ ጮክ ብለው ሲያነቡ ግን ፍርሃቱ ይለቃቸው ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን በ1971 ዓ.ም. አጠናቀው በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. ከስልክ መስመር ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በ2008 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ የከተማው ሆስፒታል ለታካሚዎቹ በስልክ የሚልከውን የቀጠሮ ማስታወሻ በድምፃቸው አስቀረጸ። ቅጽል ስማቸውም ያን ጊዜ ወጣ፤ አትክልት ሊገዙ አፋቸውን ሲከፍቱ ሻጯ «ቀጠሮዬ ነገ ነው እንዴ?» ትላቸው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ባለቤታቸው በልብ ሕመም አረፉ። ከወር በኋላ አንድ ረፋድ፣ የባለቤታቸውን ልብስ እያጣጠፉ ሳለ የሟቹ ስልክ ጠራ። ሲያነሱት የሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ነበር፦ «ውድ ታካሚያችን፣ ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለዎት። እንዳይቀሩ።» ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ስልክ በጠራ ቁጥር ሌላ ሰው እንዲያነሳላቸው ይጣሩ ነበር። ይበልጥ ያስፈራቸው ግን በዚሁ ድምፅ ስንት ሐዘን ቤት ሳይጠሩ እንደገቡ ማሰባቸው ነው።

ለሆስፒታሉ ማስታወሻውን የሚደውለውን ፕሮግራም ወደሠሩት ወጣቶች ቢሮ ሄዱ። ከወጣቶቹ አንዷ መሐንዲስ «እማማ፣ ሲስተሙ ባለቤትዎ ማረፋቸውን አያውቅም» ብትላቸው፣ «እንዲያውቅ አድርጊዋ፣ ልጄ» አሏት። ሁለት ዓመት አብረው ለፉ። ሰው ማረፉ ሲነገረው ማስታወሻውን ሁሉ የሚያቆም፣ ታማሚውን ደግሞ በሕይወት ሳለ በመጨረሻው ሰዓት ማን አጠገቡ እንዲሆን፣ ምን እንዳይደረግለት፣ ፎቶውና ድምፁ ለማን እንዲቀር የሚጠይቅ ፕሮግራም ሠሩ። ከየጥያቄው ሥር «ዛሬ ካልሆነልዎ ይለፉት» የሚለውን ያስጨመሩት እርሳቸው ናቸው።

አምና ጉበታቸው ሲታመም የራሳቸውን ቅጽ ስምንት ወር ሙሉ አለፉት። የመጀመሪያ ልጃቸው ታብሌቱን ስትዘረጋላቸው «ከሞላሁት ይመጣል» ይሉ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ከአልጋቸው ሆነው አንዷን ጥያቄ ብቻ መለሱ፦ «ድምፄ ለጠራው ብቻ ይምጣ፤ ማንም ላይ ሳያስበው አይድረስ።» ፍርሃታቸውን አልደበቁም፤ ልጃቸውም እጃቸውን ይዛ አብራ ፈራች።

ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀትር በፊት በ63 ዓመታቸው አረፉ። መሐንዲሷ ማረፋቸውን በገዛ እጇ መዘገበች፤ የሆስፒታሉም ማስታወሻ በማግሥቱ በሌላ ሰው ድምፅ ተተካ። ቤተሰቡ የእርሳቸውን ስልክ እያየ በሥጋት ውሎ አድሯል፤ እስካሁን አልጠራም።

ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ሥፍራ ያኑርልን።