የማለዳ ደንበኞችህ ደህና ናቸው

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? ትከሻህስ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስነክስህ የግራ ጉልበትህስ ተሻለው? አንተ ሰው ስትጨብጥ ከእጁ ይልቅ አቋቋሙን ነበር የምታየው፤ ስለዚህ በደፈናው «ደህና ነህ ወይ» ብልህ እንደማትቀበለኝ ስለማውቅ ወገብህንም፣ አንገትህንም፣ ቁርጭምጭሚትህንም አንድ በአንድ እጠይቅሃለሁ። እንቅልፍስ ጠገብክ? አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የሚጮህብህ ስልክ መቼም የለም። እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆትህ እንደ ጡንቻ ሕመም ነው፤ ስቀመጥ ይተወኛል፣ ልነሣ ስል ይይዘኛል።

መልስ እንደማትጽፍልኝ አውቃለሁ። ከቀበርንህ አራት ወር ከአሥር ቀን ሆኖሃል። ግን በሕይወት እያለህም ይህን ያህል ረጅም መልእክት ስልክልህ በአንድ አውራ ጣት ምስል ነበር የምትገላገለኝ። ብዙ የተለወጠ ነገር የለም ብዬ ጀመርኩልህ።

ዋናው ወሬ የደንበኞችህ ነው። ያቺ ሞተር ከጣለችህ በኋላ ባለጂሙ የማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓቱን ክፍል ለሌላ አሠልጣኝ ሰጠው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። ያንተን ሰዎች ግን አያውቃቸውማ። ደላላው ደንበኛህ በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዱ በቁጭ ብድግ ብዛት ሲከራከር ልጁ ተቆጣው። ደላላውም ቁጣ ከፈለግሁ ቤቴ ሞልቶልኛል ብሎ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ፊሽካም አሉልህ። አንተ «እትዬ» ለምትላቸው ለትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህርት እኛ ተማሪዎቹ ያወጣንላቸውን ስም ሳትነግራቸው በመሄድህ ደግ አደረግክ። በየጠዋቱ በር ላይ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚያረፍደውን ሲለቅሙ የሚውሉት ሴትዮ፣ ጂም ሲመጡ ግን አንድ ቀን በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም። እሳቸውማ ልጁ ሳያሠለጥናቸው ልጁን አሠለጠኑት። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ስታናግረኝ ማስቲካ አታኝክ፣ ይሄ ምንጣፍ መቼ ነው የታጠበው። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ የማታውን ክፍል ስጡኝ ብሎ ለመነ።

ባለጂሙ ቤታችን ድረስ መጣ። እነዚህን ሰዎች ወንድምህ ነው ያሞላቀቃቸው፣ አመላቸውን የምታውቅ ደግሞ አንተ ነህ አለኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከጎንህ ሆኜ ምንጣፍ ስዘረጋና ብረት ስመልስ አይቶኛል። በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት በፊት፣ እሱ አጠገቤ እየቆመ፣ ከባድ ብረት ሳላስነሣ እንድሞክር ጠየቀኝ። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱ ካሉ የማለዳው ሰዓት ይቀጥላል። ከሄዱ ግን ሰዓቱ ይዘጋል፤ ጂሙም ከሁለት ሰዓት በፊት አይከፈትም። አባዬ ትምህርቱስ አለ። እኔ እሺ ያልኩት ሌላ ነገር አስቤ ነው። ቤት ውስጥ አልጋህ ተጣጥፏል፣ ልብስህም ሻንጣ ገብቷል። እዚያ ግን ሰዎች አሁንም «እሱ እኮ እንዲህ ነበር የሚያሠራን» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ያ ጭቅጭቅ እንዲቀር አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ሁሉን ነገር እንዳንተ አደረግኩ። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆምኩ፣ ድምፄን አወፈርኩ። ደላላውን ሃያ ለማሠራት ከአርባ ትጀምርለት አልነበር? እኔም አርባ አልኩት። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀብኝ።

«አንተ ጎረምሳ፣ ይሄ የወንድምህ ዋጋ ነው። አንተ ገና ገበያ አልወጣህም።»

አሥራ ሁለት ሠርቶ ሄደ። ቤት ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ አመሸሁ። በቀጣዩ የልምምድ ቀን አሥራ ሁለት ሲለኝ ወዲያው እሺ አልኩት። ደነገጠ። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሳይከራከር የሚስማማለት ሰው አይቶ አያውቅማ! ለምንድን ነው ቶሎ የተስማማኸው፣ ከጀርባው ምን አለ እያለ ዙሪያዬን ዞረ፤ በመጨረሻ የተታለለ መስሎት ራሱ አሥራ ስምንት አደረገው። ባለጂሙ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። አንተ ብታይ ምን ትል ነበር? እኔስ ያን ቀን ወደ ትምህርት ቤት የሄድኩት እየዘለልኩ ነው።

በፊሽካ ግን ወደቅኩ። «አንድ ብቻ ቀረ» የምትለዋን ውሸትህን ታስታውሳለህ? አንድ ብቻ ቀረ ስትል ቢያንስ አምስት እንደቀረ ጂሙ በሙሉ ያውቅ ነበር። እሳቸውም በየጊዜው ውሸታም ብለው ይሰድቡህና እየሳቁ ይጨርሱታል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ስድስተኛው ቁጭ ብድግ ላይ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም ሳላስበው፣ ባንተ ድምፅ፣ ቃሉን እንዳንተ ጎትቼ፣ «አንድ ብቻ ቀረ፣ እትዬ» አልኩ። ግማሽ ድረስ ተነሥተው ቆሙ። በመስተዋቱ ውስጥ አዩኝ። ከዚያ ፎጣቸውን አነሡና ወጡ፤ የውኃ ኮዳቸው እንኳን ምንጣፉ ላይ ቀረ። ባለጂሙ ምን አደረግካቸው ቢለኝ፣ ቆጠርኩላቸው አልኩት።

አንድ ሳምንት ቀሩ። በትምህርት ቤት በር ሳልፍ በአናቴ ላይ አሻግረው ያያሉ። ደላላውም እሳቸው ከሌሉ እኔ ማንን ልበልጥ ነው የምነሣው ማለት ጀመረ። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በእረፍት ሰዓት ቢሯቸው ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ ያዩኝ ልጆች ምን አጥፍተህ ነው ሲሉኝ፣ ቆጠራ አልኳቸው።

ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ወረቀት እየፈረሙ ነበር፤ እስክሪብቶውን አስቀመጡት።

«ወንድምህ ውሸታም ነበር» አሉኝ። «በዚያ ብርድ ከአልጋዬ የምነሣው ያንን ውሸቱን ልሰማ ነበር። በእሱ ድምፅ ስትለው ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል አንተ ነህ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከሩት።

«ለመሆኑ ስንት ነበር የቀረው?»

«ዘጠኝ፣ ቲቸር።»

«ዘጠኝ! እንኳን ጥዬ ሄድኩ።»

ሳቁ፤ ወንድም ጋሼ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ፊሽካዋ ደረታቸው ላይ ትዘል ነበር። እኔም ከእሳቸው ጋር ሳቅኩ፤ የሁለታችንም እንባ የሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል። እሱ መዋሸት ይችልበት ነበር፣ እኔ ግን ከመጡልኝ እውነተኛውን ነው የምቆጥርልዎ አልኳቸው። «አያለሁ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን መልሰው አጠቆሩና ደውል ተደውሏል፣ ክፍልህ ግባ ብለው አስወጡኝ። ይምጡ አይምጡ አላወቅሁም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቋርጥህና የቤቱን ሰላምታ ላድርስ፤ ሁሉም ተራ በተራ በሩ ላይ እየመጡ ያጮልቃሉ። እማዬ ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። «ልብስ ደርብ በለው» ብላ ሄደች። ደረጃ ስትወጣ ለራሷ «ጀርባ ቀጥ!» የምትለው ነገር ለምዶባታል፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል። አባዬ ሰላም ብሎሃል። ለወገቡ ያሳየኸውን እንቅስቃሴ በሩን ዘግቶ ይሠራል፤ ማንም ያላወቀበት ይመስለዋል፣ ወለሉ ግን ሲንቋቋ ይውላል። ሚጢጢዋ እህታችን ስድስት ፑሽ አፕ ሠርቻለሁ በልልኝ ብላለች፤ በሦስተኛው ላይ በሆዷ ተኝታ መቅረቷን አትጻፍ ስላለችኝ አልጽፍም። ደላላው ደግሞ ልጽፍልህ መሆኑን ስነግረው ያንን ሰው ሰላም በልልኝ፣ ለእሱ ስል ሃያ አምስት ገብቻለሁ በለው ብሏል። አልገባም፤ ሃያ ሁለት ነው።

ከመኝታ ክፍላችን፣ ከመስኮቱ ሥር፣ እሑድ ረፋድ ላይ ተጻፈ።

ይኸው ቀኑንም ቦታውንም ጽፌ ጨረስኩ፤ የትናንቱን ጠዋት ሳልነግርህ ግን ወረቀቱን አላጥፈውም። ዓርብ ማታ ባለጂሙ ደወለና ነገ የወሩ መጨረሻ ነው፣ እኔ አልመጣም፣ ቁልፉን ከዘበኛው ውሰድና ማን እንደመጣ ንገረኝ አለኝ። ስለዚህ ትናንት ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ከፈትኩ። ዘበኛው በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ የላይኛው ቁልፍ ወደ ግራ ነው የሚዞረው ብሎ አቀበለኝ። መብራቱን አበራሁ። የጎማው ሽታ እንዳለ ነው። መስተዋቱን ወለወልኩ፣ ሁለት ምንጣፍ ዘረጋሁ፣ ከዚያ ማድረግ ያለብኝ ጠፋኝና እንደገና መስተዋቱን ወለወልኩ።

ደላላው በሰዓቱ መጣ። በስልክ እያወራ ገብቶ፣ ክፍሉን በሙሉ ቃኝቶ፣ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ፤ ይህንን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ጀመርን። ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ከአምስት። አሥራ ሁለት ከስምንት። ደላላው ሳይቀር መቁጠሩን ትቶ በሩን ያያል። አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ ፊሽካ ፀጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው እያለከለኩ ገቡና መንገዱ ተዘጋግቶ ነው አሉ። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ውሻ እንኳን የለም። ሰዓቴን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ፣ እንደገና ሰዓቴን አየሁ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ እኛን የሚያደርጉን እንዲሁ ነው። ገባኝ አሉና ማንም ሳያዛቸው እንደ አርፋጅ ተማሪ ክፍሉን ሁለት ጊዜ በሩጫ ዞሩት።

አሥራ አምስት ቁጭ ብድግ አልኳቸው። አሥረኛው ላይ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ።

«አምስት ቀርቷል፣ ቲቸር።»

«አምስት? ትንሽ እንኳን አትዋሽም?»

«አልዋሽም።»

ደላላው በሦስት ላስማማችሁ ብሎ መሃል ገባ። ሥራህን ሥራ አሉት። አምስቱንም ጨረሱና ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው ተዘረጉ፤ ኮርኒሱን እያዩ ለረጅም ጊዜ ፈገግ ብለው ቆዩ። ሲወጡ «ሰኞ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም። ለባለጂሙ ደውዬ ሁለቱም አልኩት። እንግዲያው ቁልፉ አንተ ጋ ይቆይ አለኝ።

ከዚያ ራበኝ። እንዴት እንደራበኝ ልነግርህ አልችልም። ለቀኑ የያዝኳቸውን ሁለቱንም ዳቦዎች በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ በላኋቸው። ሁለተኛው ሳያልቅ አንድ ቦርጫቸው የገፋ አባት፣ አዲስ ስፖርት ጫማ አድርገው፣ የሐኪም ወረቀት እንደ ክስ ይዘው መጡ። ገና ሰላም ሳንባባል ሐኪም ነው የላከኝ፣ በራሴ ፈቃድ አልመጣሁም፣ መሮጥ አልወድም፣ በጠዋት መነሣት አልወድም፣ ልጅ እግር ሲያዘኝ ደግሞ ደሜ ይፈላል አሉኝ። ከዚያ በእኔ በኩል አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ።

«አሠልጣኙ የታለ?»

ዳቦዬን ዋጥኩ። «እኔ ነኝ፣ አባባ። ይግቡ» አልኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ አጉረመረሙ፣ ገቡ። የአንዱ ጫማቸው ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር፤ ጎንበስ ቢሉ እንደማይደርሱበት አየሁ። ወንበር አቀረብኩላቸውና ተንበርክኬ አሰርኩላቸው።