እርምጃቸውን የመዘገቡት አቶ ነጋሳ ኦሊቃ

አቶ ነጋሳ ኦሊቃ ከአባታቸው ከአቶ ኦሊቃ ጫምሳና ይህን ከምጽፈው ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘርፉ ሰንበታ፣ በወንጂ የሸንኮራ ሠራተኞች መንደር ሐምሌ 21 ቀን 1978 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በወንጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአዳማ ተምረው፣ በ2003 ዓ.ም. በሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር ተቆጣጣሪ ሆኑ። በ2005 ዓ.ም. ከወ/ሮ ኤቢሴ ምልኬሳ ጋር ትዳር መሥርተው ጂቱንና ኢሊያስን ወለዱ።

በ2011 ዓ.ም. ግራ እግራቸው መጎተት ጀመረ። ሲራመዱ ይንገዳገዱ ነበርና በሰፈር «ነጋሳ መጠጥ ጀመረ» ተባለ። እርሳቸው ግን ጠላ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። ቢታከሙም አንዱ ዲስክ ነው፣ ሌላው የቫይታሚን እጥረት ነው አላቸው። እኔ ደግሞ ካንሰር ነው ብዬ ነጠላዬን ለመዘቅዘቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚህ የባሰም አድርጌአለሁ፤ አንድ ቀን ሲተኙ ጠብቄ አፋቸውን አሸተትኩ። ለካ አልተኙም። «እማዬ፣ ምን ምን እላለሁ?» ብለው ሳቁብኝ።

ለማንም ሳይናገሩ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የኮንቴይነር ረድፍ ዳር እየሄዱ፣ ሳያርፉ ስንት ኮንቴይነር እንዳለፉ በደብተር ይጽፉ ነበር። መጀመሪያ ስልሳ፣ በዓመቱ አርባ አንድ፣ ከዚያ ሃያ ሦስት። በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ አንዲት የነርቭ ሐኪም የኤምአርአይ ፎቶውንና ከጀርባቸው በመርፌ የተቀዳውን ፈሳሽ ውጤት ካዩ በኋላ ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበቡ። በሽታው የነርቭን ሽፋን የሚጎዳው መልቲፕል ስክለሮሲስ ነበር፤ ያውም ፋታ ሳይሰጥ ቀስ በቀስ የሚብሰው ዓይነት። እርሱን ለመለየት ፎቶ ብቻ እንደማይበቃ፣ ቢያንስ ዓመት ሙሉ ሲብስ መታየት እንዳለበት አስረዱን። «ይህን ሁሉ ማን መዘገበልህ?» ቢሏቸው፣ «ወደቡ ነው የመረመረኝ፣ ዶክተር» አሉ።

የሚድን አልነበረም። ሁላችንም ያላየንላቸውን እውነት በደከመ እግራቸው ለክተው ማግኘታቸው ግን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እስኪውሉ ድረስ፣ ከአልጋ እስከ በር ያለችውን እንኳ መዝግበዋል።

በሳንባ ምች ታመው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ39 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ወላጆቻቸው አለን።

ለቀብራቸው የቆማችሁ ሁሉ ስሙልኝ፦ ነጋሳ አንድም ቀን ሰክረው አያውቁም። የተጠራጠርኩትን እኔን ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ እርሳቸውን እርምጃ በማይቆጠርበት አገር ያሳርፍልን።