የሞራግ መንደር በውሃ ቀለም

ረቡዕ

ሰማዩ አልወጣልኝም። የስኮትላንድ ሰማይ እንዲህ ግራጫ ነው ወይስ ፎቶው ነው የደበዘዘው? ቤቶቹ ግን አምረዋል፤ ነጭ ነጭ፣ ባሕሩ ዳር ተደርድረው። ጀልባዎቹም ምንም አይሉ። ላይብረሪው ውስጥ የውሃ ቀለም በነፃ የሚያስተምሩንን እግዜር ይስጣቸው።

የልጄ የሜሮን እጮኛ እናት፣ ሞራግ፣ ቅዳሜ ከስኮትላንድ እዚህ አሜሪካ ትመጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልንተያይ ነው። ባዶ እጄን ልቀበላት? መንደሯን ስዬ ልሰጣት ነው። ፎቶውን ያመጣልኝ ልጇ ኢያን ነው። ወደቡ ላይ የቆመው ሰውዬ አባቱ ነው። አምና ሞተ፣ ነፍስ ይማር።

ሐሙስ

ከሆቴል ሥራ ወጥቼ ሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ጨረስኩ። ሜሮን ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ አየችና ጮኸች።

«ማሚ፣ ኦ ማይ ጋድ! ሁሉም ለምንድነው እኔን የሚያዩኝ? ፎቶው ላይ እኮ ባሕሩን ነው የሚያዩት!»

እውነቷን ነው። መረብ የሚጠግነው፣ ቅርጫት የያዘችው፣ የኢያን አባት፣ ሁሉም ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን አፍጥጠዋል። ሳላስበው ነው። አባዬ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ቀለም የምበጠብጥለት እኔ ነበርኩ። በጎን የሚሳለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው፣ ሰይጣንና ይሁዳ ነው። የደግ ሰው ሁለቱም ዓይን ይታያል። እና የሰው ባል ከይሁዳ ጋር ልደምር?

«ሞራግን ኦፌንድ ታደርጊያታለሽ፤ ትቀየምሻለች» ብላኝ ሄደች።

ዓርብ

ዴይ ኦፍ ነኝ። የኢያንን አባት በሌላ ወረቀት ላይ በጎን ሞከርኩት። አንድ ዓይን ሠራሁለትና ደነገጥኩ። በስመ አብ! ቁርጥ ይሁዳን። ቀደድኩት።

ሜሮን ኮል አድርጋ «አበባ ይበቃል» አለችኝ። አበባማ ለማንም ይሰጣል። ሴቨን ኮርነርስ ገበያ ሄጄ ፍሬም ገዛሁ። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ግን ፈርቻለሁ። ሞራግ ብትቀየም ጦሱ ለልጄ ነው የሚተርፈው፤ አማት ከጅምሩ ከከፋት በኋላ መመለሻ የለውም።

ቅዳሜ

መጣች። አጭር፣ ፊቷ ቀላ ያለ፣ ሣቂታ። ወጡ አቃጥሏት እንባዋ እየወረደ «ጨምሪልኝ» ትላለች። ወደድኳት። ሥዕሉን ስሰጣት ግን ሣቋ ጠፋ። ሜሮን አፈጠጠችብኝ፣ ኢያን አቀረቀረ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ጣቷን ባሏ ላይ አድርጋ የሆነ ነገር አለች። አነጋገሯ አይገባኝም፤ ሜሮን ናት በአማርኛ የነገረችኝ። «ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ባሕሩን እንዳየ ኖረ። ወደቡ ድረስ ሄጄ ስጠራው እንኳ አይዞርልኝም ነበር። ዛሬ አየኝ» ነው ያለችው።

ተቃቅፈን ተላቀስን። ሜሮንም «ሶሪ ማሚ» ብላ ሳመችኝ። ተመስገን! አባዬ፣ አንተንም እግዜር ይስጥህ።

አሁን ሞራግ ከመሄዷ በፊት እሷንም አጠገቡ እንድስላት ለምናኛለች። ቦታስ አለ። ግን ውሃ ቀለም ከደረቀ በኋላ ሲጨምሩበት ይከዳል። ይሁን፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ እሞክራለሁ።